የኤመሪ ሩብ ድርሻ

ያረረ ፍሬንና የተጠበሰ ሽንኩርት ተቀላቅሎ በሸተተው ቁጥር፣ ኤመሪ ዝዊክ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የተወዳደረባት ያቺ የመጀመሪያዋ እሑድ ትታወሰዋለች። መኪናቸው ሙዚት ጭሷን እየጎተተች ከኦሃዮ የውድድር ሜዳ ስትወጣ፣ ሎርና በስተዳር ቆማ ቋሊማ በሽንኩርት ትጠብስ ነበር። “ያረረው ፍሬኑ ነው ሽንኩርቱ?” ብሎ የጠየቀው ክላይድ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ሙዚት በአምስት መቶ ዶላር የተገዛች፣ ከአጥር ቀለም በተረፈ ቢጫ የተቀባች አሮጌ መኪና ናት። ውድድሩ የሚቀበለውም እንዲህ ያለችውን ብቻ ነው፤ ሹፌር እየተቀያየረ ቅዳሜንና እሑድን ሲነዷት ይውላሉ። ከመኪናዋ ዋጋ ይልቅ መግቢያው ይከብዳል፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዶላር ነው። ስለዚህ ለአራት ይካፈሉታል፦ የፋብሪካ ጡረተኛው ኤመሪ፣ የተማሪዎች አውቶቡስ የምትነዳው ሎርና፣ ታናሽ ወንድሟ ክላይድና ጥርስ ሐኪሙ ቶቢን። ሙዚት የምታድረው ኤመሪ ጋራዥ ነው። በሩ ላይ ኤመሪ ራሱ “ድርሻውን የከፈለ ይነዳል” ብሎ በጠመኔ ጽፏል፤ በደበዘዘ ቁጥርም መልሶ ያደምቀዋል።

ባለፈው ጥቅምት፣ ሰባ አንድ ዓመት በሞላው በሳምንቱ፣ የምትጠልቀው ፀሐይ ፊት ለፊት መጣችበትና የማስጠንቀቂያውን ባንዲራ ሳያይ አለፈ። ዳኞቹ እንደ ልማዳቸው በቀልድ ቀጡት፤ ትልቅ የእንጨት ዶሮ የመኪናዋ ጣሪያ ላይ አስረው እስከ መጨረሻው ከነዶሮው አስነዱት። ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ብቻ ከዚያ ወዲያ ስለ ዓይኑ ማንም አላነሣም።

በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ጧት የዘንድሮውን መግቢያ ሊያዋጡ ኤመሪ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ። ሎርና መዋጮ የሚሰበስቡበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አምስት መቶ ዶላር ጣለች። ክላይድም አምስት መቶ። ቶቢንም እንዲሁ።

ሦስት መቶ ሰባ አምስቱን በፖስታ ይዞ የነበረው ኤመሪ ግራ ገባው። “ምነው፣ መግቢያው ጨመረ እንዴ?”

“ኧረ አልጨመረም” አለች ሎርና፣ ዓይኗን ከቆርቆሮው ሳታነሣ። “ጋራዡ ያንተ፣ መብራቱ ያንተ፣ ጥገናው ያንተ። ዘንድሮ አንተ እንዳትከፍል ተስማማን።”

“ማንን አስፈቅዳችሁ?”

“ወይ ጉድ! ስጦታውን ቅጣት አደረገው እኮ!” አለ ክላይድ።

“ያልከፈለ አይነዳም ማለታችሁ አይደል? ከዶሮው ይሄ ይብሳል” አለ ኤመሪ።

ቶቢን ጉሮሮውን ጠረገ፤ የሰው ጥርስ ሊነቅል ሲልም እንዲሁ ያደርጋል። “ኤመሪ፣ ስለ ዓይንህ...”

“አንተ ደግሞ! ጥርስ ሐኪም አይደለህ እንዴ? ምን አገባህ በዓይኔ!”

ሎርና ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ዋጥ አደረገችውና፣ “ባንዲራውን እኮ አላየኸውም። እዚያ መንገዱ ላይ ሰው ቆሞ ቢሆንስ?” አለችው።

 ኤመሪ በበረዶው ወራት ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ ለራሱ ሲያቀርብ ነው የከረመው። ቀስ ብሎ ከፖስታው ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣና ሰጣት።

“የዓይን ሐኪሟ ናት የጻፈችው። የምትጠልቅ ፀሐይ ነው የማልችለው። ከረፋድ እስከ ቀትር ደህና አያለሁ። የማታውን ተራ ውሰዱት፤ የረፋዱን ተዉልኝ።”

“እንግዲያው ግማሽ ድርሻ ክፈላ፣ አንተ ሽማግሌ!” አለ ክላይድ።

“ግማሽ ሹፌር አይደለሁም። ሙሉውን ነው የምከፍለው።”

ሎርና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቆርቆሮውን ከፈተች፤ ለራሷ መቶ ሃያ አምስት፣ ለክላይድ መቶ ሃያ አምስት፣ ለቶቢንም መቶ ሃያ አምስት መለሰችና ቆርቆሮውን ወደ ኤመሪ ገፋችው።

ኤመሪ ፖስታውን ጣለበት። ከግድግዳው መንጠቆ የራስ ቁሩን አወረደ፣ ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንዲት ጠመኔ አነሣ፤ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል በጓሮው በር ወደ ጋራዡ ወጣ።