ለዘጠኝ ሲካፈል
ልጄ በቆርቆሮ በራችን ላይ የቤት ሥራዋን በጠመኔ ስትሠራ ሽታው አፍንጫዬ ገባ። በልጅነቴ ቀራንዮ ሰፈር ሳለን በራችን ላይ እንዲሁ ቁጥር ተጽፎ ነበር።

እህቴ ብዙነሽ በትኩሳት ስትነድ አባቴ ቤቴል ክሊኒክ ሊወስዳት አዝሏት ተነሳ። ስም ቆጥረው የሰው ዕጣ የሚናገሩት የሰፈራችን ሽማግሌ አስቆሙት። የእሷንና የእናቴን ስም ወደ ቁጥር ለውጠው ጮክ እያሉ 84,483 ብለው በራችን ላይ በጠመኔ ጻፉ፤ ለዘጠኝ አካፈሉት።

«ጥርት ብሎ ቢካፈል ትድን ነበር። አንድ ቀረ፤ አንድ የአፈር ነው። አታንገላታት፣ ልጄ።»

መድኃኒት የሚሆን አፈር ሊያመጡላት መሰለኝ። አባቴ አወረዳት። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ዓመቴ ነው፤ ያን ቁጥር ግን አልረሳሁትም። ለልጄ ነገርኳት።

«ለዘጠኝ ይካፈላል?»

«አሃዞቹን ደምራቸው፣ አባዬ። ድምሩ ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል።»

ደመርኩ። ሃያ ሰባት። ምንም አይቀርም።

ሰውዬው ማካፈል እንኳ አይችልም ነበር።