ሠላሳን ያልተቀበለው ሠንጠረዥ

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት ወር የመጨረሻ ቀን ነው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ይረሳኛል። ያን ቀን ግን አልረሳሁትም። የባለቤቴ ዓይን መዳን አለመዳን፣ ኮምፒውተር ውስጥ ባለች የጣት ጥፍር በማታክል ሳጥን ላይ ወድቆ ስለነበር ነው።

ባለቤቴ ፈይሳ ይባላል። የምንኖረው ሰበታ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ከሸፈናቸው ቆይቶ ነበር። ላሞቹን በዳበሳ ያልባል፤ ያለ እኔ ግን ከግቢ አይወጣም። ቡራዩ ውስጥ ወደ አንድ ክሊኒክ እንግዳ ሐኪሞች መጥተው ሞራ በነፃ እንደሚገፍፉ ስንሰማ ቀደም ብለን ተመዘገብን። ካርዱ ላይ ጥቅምት ሠላሳ ተብሎ ተጻፈልን። ሐኪሞቹ የሚቆዩትም እስከዚያ ቀን ድረስ ብቻ ነበር።

በቀጠሮው ቀን በጠዋት ተነስተን፣ ታክሲ እየቀያየርን ቡራዩ ደረስን። የክሊኒኩ በር ላይ ብዙ ሰው ቆሟል። ጥበቃው ፈይሳን ሲያይ “አካም ቡልተን፣ ኦቦ” ብሎ በኦሮምኛ ደህና አደሩ ሲል እጅ ነሳው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “ዛሬ ቀጠሮ የለም። ሐኪሞቹ እየሄዱ ነው” አለኝ።

እውነቱን ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ መኪና ሞተሩ እንደተነሳ ቆሟል፤ ሰዎች ካርቶን ይጭናሉ።

“እኔን ሲያዩ ነው የሸሹት” አለ ፈይሳ። ሲከፋው ይቀልዳል።

አጠገባችን የቆሙ አንዲት የሱሉልታ ሴትዮ ነበሩ፤ ፋንታዬ ይባላሉ። ካርዳቸውን ከፍ አድርገው፣ “የኔም የዛሬ ነው፤ የሁላችንም የዛሬ ነው! ኮምፒውተሩ ስማችሁን አያሳይም ይሉናል። እሱም ሞራ ለብሶ ይሆናላ!” አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መኪናውን እያየሁ ስለነበር አልሳቅኩም። ያ መኪና ከወጣ ሐኪሞቹ መቼ እንደሚመለሱ የሚያውቅ አልነበረም።

ከሰው ጋር መከራከር አልወድም። ያን ጊዜ ግን ፈይሳን ለሴትዮዋ አደራ ብዬ በጥበቃው አጠገብ አልፌ ወደ ምዝገባ ክፍል ገባሁ። ጥበቃው አልከለከለኝም።

መዝጋቢዋ ምሕረት የምትባል ልጅ ናት። ከወላይታ መጥታ እዚያ የምትሠራ ናት። እኛንም የመዘገበችን እሷው ነበረች።

“እማማ፣ ዛሬ ማንም የለም። ትናንት ማታ አይቼ ለሐኪሞቹ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ካላመኑኝ ይዩት” አለችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው።

ስክሪኑን የሞላው በመስመር የተከፋፈለ ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሰው ነው፦ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የቀጠሮ ቀን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ማስታወሻ የሚባል ዓምድ። ልጅቷ የቀጠሮውን ዓምድ ራስጌ ነካችው። መስመሮቹ ተገለባብጠው በቀን ቅደም ተከተል ተደረደሩ። 28/2 አለ፤ ጥቅምት ሃያ ስምንት ማለት ነው። 29/2 አለ። ከዚያ በቀጥታ 1/3 ይላል። 30/2 የሚል የለም።

“እነዚህ ኅዳር አንድ የተቀጠሩት እነማን ናቸው?” አልኳት።

“ለመነጽር የሚመጡ ይሆናሉ ብዬ ነው። ኅዳር አንድ ሞራ የሚሠራ ሐኪም የለም።”

“እስቲ ፈይሳን ፈልጊልኝ።”

ስሙን ጻፈች። መስመሩ ወጣ። ስሙ ትክክል ነው፤ ዕድሜው ትክክል ነው፤ ሰበታ ይላል። ቀጠሮው ላይ ግን 1/3 ተብሏል።

ካርዱን አጠገቡ አስቀመጥኩላት። የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው፤ ጥቅምት ሠላሳ ይላል። ልጅቷ ካርዱን አየች፣ ስክሪኑን አየች። ሳጥኗን ከፍታ 1/3ን አጠፋችና 30/2 ብላ ጻፈች። ለማስገባት ስትጫን ቁጥሩ ዓይናችን እያየ ተመልሶ 1/3 ሆነ። ደግማ ጻፈች። ደግሞ 1/3 ሆነ። 29/2 ብላ ስትሞክር ዝም ብሎ ተቀበላት።

“ጌታ ሆይ!” አለችና እጇን አፏ ላይ አደረገች። “ቀኑን እየቀየረው ነበር ማለት ነው። እኔ ጽፌ ወደሚቀጥለው ሰው አልፋለሁ እንጂ ተመልሼ አላይም። እማማ፣ እነዚህ ሁሉ የዛሬ ሰዎች ናቸው!”

ተነስታ ሮጠች። እኔም በአቅሜ ተከተልኳት። መኪናው ወደ በሩ ፊቱን አዙሯል። ልጅቷ ከፊቱ ሄዳ ቆመች። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠው ሐኪም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ “ምን ሆነሻል? ልትሞቺ ነው?” አላት።

የሆነውን በተቆራረጠ ትንፋሽ ነገረችው። ሐኪሙ ግንባሩን መታ።

“የፈረንጆች ሁለተኛ ወር ሠላሳ የለውም እኮ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የእነሱን ቀን ነው። የኛን ጥቅምት የእነሱ ሁለተኛ ወር አድርጎታል፤ ሠላሳን ሲያጣ ወደሚቀጥለው ወር አሻገራቸው።”

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለች ልጅቷ። ማልቀስ ጀመረች።

ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ማታ ሌላ ከተማ መድረስ ነበረባቸው፤ እዚያም የሚጠብቃቸው በሽተኛ አለ። ከኋላ የተቀመጠችው ሐኪም፣ “ዕቃው ሁሉ ተጭኗል” አለችው። እሱ በመስኮቱ አሻግሮ በሩ ላይ የቆመውን ሰው ተመለከተ። ሰዉ ድምፅ ወደሚመጣበት ፊቱን አዙሯል። አብዛኛው ምን እየተባለ እንደሆነ ይሰማል እንጂ አያይም።

“አውርዱት” አለ ሐኪሙ። ወደ ምሕረት ዞሮም፣ “ለቅሶው ይቆይሽ። ስም ዝርዝሩን አምጪልኝ። እስኪመሽ የቻልነውን እንሠራለን፤ ሁሉንም ግን ቃል አልገባም” አላት።

ልጅቷ ተመልሳ ሠንጠረዡ ፊት ተቀመጠች። የቀኑ ሳጥን ሠላሳን እንደማይቀበላት ስላወቀች አልታገለችውም። 1/3 የሚሉትን ብቻ አወጣችና፣ ማንኛውንም ጽሑፍ በሚቀበለው የማስታወሻ ዓምድ ላይ በየሰዉ መስመር “ዛሬ” እያለች ጻፈች። ከዚያ የስሙን ራስጌ ስትነካ ሁሉም በፊደል ተራ ተሰለፉ። ውጭ ፀሐይ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበረ።

ጥሪው በዚያው ተራ ሆነ። ለኛ ይህ መልካም ዜና አልነበረም። ፈይሳ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነው፤ ከእሱ በኋላ ያሉት ወይዘሮ ፋንታዬ ብቻ ናቸው።

“አባቴ በሀ የሚጀምር ስም ቢያወጣልኝ ምን ነበረበት?” አሉ ወይዘሮ ፋንታዬ።

“እኔ ከእርስዎ እቀድማለሁ፤ እሱም አንድ ነገር ነው” አላቸው ፈይሳ።

“ዋ፣ አንቱ ሰውዬ! ዓይኔ ይዳንና መልክዎን አይቼ እፈርድብዎታለሁ።”

ቀኑን ሙሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስም ስንሰማ ዋልን። እሸቱ ሲባል ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራ ነበር። ጫላ ተባለ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ማንም አልተጠራም። ሐኪሙ ብቅ ብሎ ውሃ ጠጣና ወደ ሰማዩ አየ። የሚያበቃ መሰለኝ። ለፈይሳ አልነገርኩትም። እሱም ሐኪሙ መውጣቱን በእርምጃው አውቆ ኖሮ፣ “ካልሆነም አብረን እንመለሳለን” አለኝ።

“ዝም በል” አልኩት።

ሐኪሙ ብርጭቆውን አስቀምጦ ተመልሶ ገባ። ፈይሳ ተጠራ። ከእሱ ቀጥሎ ወይዘሮ ፋንታዬም ተጠሩ። ሐኪሞቹ የሄዱት መብራት ከበራ በኋላ ነው።

እዚያው አድረን በማግስቱ ነርሷ በተሠራለት አንድ ዓይኑ ላይ የነበረውን ፋሻ ፈታችለት።  ፈይሳ አጠገቡ ፋሻቸውን አስፈትተው ወደተቀመጡት ወይዘሮ ፋንታዬ ዞሮ፣ “እንግዲህ ፍረዱብኝ” አላቸው። እሳቸውም አገላብጠው አይተውት፣ “ይቅር ብዬዎታለሁ” አሉት።

ምሕረት ከሥራዋ ትባረራለች ብዬ ሰግቼ ነበር፤ አልተባረረችም። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች መጥተው የቀጠሮው ሳጥን የኛን አቆጣጠር እንዲያውቅ አድርገው አስተካከሉት። ከማስተካከላቸው በፊት ግን ጳጉሜንም እንዲሞክሩት ያደረገቻቸው እሷ መሆኗን ነገረችኝ። ሳጥኑ ዐሥራ ሦስተኛ ወር ሲባል ጭራሽ ቀልቶ እምቢ ብሏል አሉ። እስከ ዛሬ በዓል ሲሆን ትደውልልኛለች። እኔ ስልክ ላይ ረጅም ወሬ አልችልም፤ ግን ደስ ይለኛል።

አንዳንድ ሰው ይህን ስነግረው በማሽን መጻፍ ይቅር ይላል። እኔ እንዲህ አልልም። የጠፉትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወጣልን ያው ሠንጠረዥ ነው። ተመልሶ የሚያየው ሰው ነበር ያጣው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወር ሳይሞላ ሐኪሞቹ ለሌላው ዓይን እንደሚመለሱ ተሰማ። ዓይኑ እስኪጠና ከግቢ ያልወጣው ፈይሳ ለመመዝገብ ብቻውን ሄደ። ብከተለው ቅር እንደሚለው ስላወቅኩ ቤት ቀረሁ፤ እጄ ግን ሥራ አልይዝ አለኝ። በጣም ዘገየ። ለካ ሲመለስ ሰበታ መግቢያ ላይ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ ነው የመጣው። አዲሶቹን ፎቆችና የፋብሪካዎቹን አጥር፣ የሰፋውንም መንገድ ሲያይ ቆይቷል።

“ከተማው እንዲህ ሆኗል እንዴ? ምነው አልነገርሽኝም?” አለኝ።

“ራስህ እንድታየው ብዬ ነው” አልኩት።