ለሰባት ምልክት የለም

ሽማግሌው ብቻውን በሚኖርበት ቤት የዕቃ ማጠቢያው መውረጃ አፉ በጨርቅ ተወትፏል። ውኃ በወረደበት ቁጥር የሟች ወንድሙን ድምፅ ያመጣበታል፤ "ላይ ስወጣ የምነግርህ ነገር አለኝ" ይለውና ይስቃል። ምን ሊነግረው እንደነበር ሳያውቅ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላው። አስቡት እንግዲህ፣ በገዛ ቤቱ ሳህኑን ውጭ በባልዲ የሚያጥብ ሰው!

በጉልምስናው በማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ አካፋይ ነበር። ሠራተኞቹን ከታች የሚያወጣው የብረት ሳጥን ቢበዛ አሥር ሰው ይይዛል፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ ክብደታቸውን የሚመጥን ድንጋይ ይታሰራል። ድንጋዩን ለመቀየር ግማሽ ሰዓት ስለሚፈጅ ሁሉም እኩል እኩል ሆነው መውጣት አለባቸው። ሰማንያ ከሆኑ አሥር አሥር፣ ሰባ ሁለት ከሆኑ ዘጠኝ ዘጠኝ። እኩል አልካፈል የሚለውን፣ ትምህርት ቤት "ብቸኛ ቁጥር" የሚሉትን፣ እነሱ "ግትር" ይሉታል። ግትር የገጠማቸው ቀን አንድ ሰው ድንጋዩ እስኪቀየር ከታች ይጠብቃል።

ሥራውን ያስለመዱት አዛውንት እንዲህ ብለውት ነበር፦ "መጨረሻው ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት፣ ዜሮ ወይም አምስት ከሆነ ለአምስት ይካፈላል። አሃዞቹን ስትደምር ድምሩ ለሦስት ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። ለሰባት ግን ምልክት የለም፤ ቁጭ ብለህ ማካፈል ነው።"

ያን ቀን ከታች በመነጋገሪያው ቧንቧ "ዘጠና አንድ ነን!" አሉት። ለሁለት እምቢ አለ፣ ለአምስትም እምቢ። ዘጠኝና አንድ አሥር፤ ለሦስትም እምቢ። ከታች የደከመው ሰው ሁሉ "ቶሎ በል እንጂ!" እያለ ይጮኻል። ቁጭ ብሎ ማካፈሉን ተወውና "ግትር ነው፤ አንድ ሰው ይቅር!" አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

"እኔ እቀራለሁ ጋሼ" አለ ታናሽ ወንድሙ ከታች። ከዚያ ሳቀ። "ላይ ስወጣ ግን የምነግርህ ነገር አለኝ።"

ዘጠናው ሰው አሥር አሥር ሆኖ በሃያ ሰባት ደቂቃ ወጣ። ድንጋዩ ተቀይሮ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጉድጓዱ ውስጥ ውኃ ፈነዳ። ቧንቧው አንዴ አጉረመረመና ዝም አለ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ቁጥር ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ጥፋቱ የቁጥሩ ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። የቀረውን ግን ሁሉ ያካፍላል፤ የደረጃውን እርከን፣ የሸሚዙን ቁልፍ፣ ለቅሶ ቤት ሄዶ እንኳ ለቀስተኛውን ያካፍላል።

የወንድሙ ልጅ አልፎ አልፎ ትጠይቀዋለች። ባለፈው ወር እናቷ አረፉ። የልብስ ሳጥናቸውን ስታጸዳ ከርማ መጣችና ድንገት ጠየቀችው።

"አጎቴ፣ ያን ቀን ከታች ስንት ሰው ነበር?"

"ዘጠና አንድ" አለ፤ ምላሱ ከበደው። "ግትር ሆኖብኝ ነው ልጄ። አባትሽን የበላው ቁጥሩ ነው።"

እሷ ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ደብተር አወጣች። በልጅነቷ አባቷ ሒሳብ ያስጠናት የነበረበት ነው፤ ጽሕፈቱን ወዲያው አወቀው። እስከ መቶ ያሉት ቁጥሮች ከነአካፋዮቻቸው ተደርድረዋል። ከዘጠና አንድ አጠገብ እንዲህ ይላል፦ "ይሄ ቀጣፊ ነው! ግትር ይመስላል እንጂ ሰባት ጊዜ አሥራ ሦስት ነው። ጋሼንም አንድ ቀን ይሸውደዋል።"

ሰባት ሰባት ቢሆኑ አሥራ ሦስት ምልልስ። ሠላሳ ዘጠኝ ደቂቃ። ውኃው ገና አልመጣም ነበር።

"ገደልኩት" አለ ሽማግሌው።

"ያውቅ ነበር እኮ! ታዲያ ለምን ዝም አለ?"

መልሱን ያጣዋል ብላችሁ አታስቡ። ያን ሰዓት ቧንቧው ስር ዘጠና ሰው ቆሞ ይሰማ ነበር።

"በሰው ፊት እንዳላፍር ነዋ" አለ። "ግማሽ ሰዓት ምን አላት ብሎ ነው። ቤት ስንገባ ሊስቅብኝ ነበር።"

እሷ ስታለቅስ ተነሥቶ ወደ ማጠቢያው ሄደ። ጨርቁን ነቅሎ ውኃውን ከፈተው። እያጉረመረመ ወረደ።

"ሰባት ነው" አለ ጎንበስ ብሎ። "ሰማሁህ። በል አሁን ሳቅብኝ።"