ደጃፌን የሸፈነው ሰዓት

ቢቸና ቤቴ ደጃፍ ላይ አዳልጦኝ ጉልበቴን ተሰበርኩና ልጄ ወደ ሞጣ ወሰደችኝ። ልጄ አስተማሪ ናት። እስኪሻልሽ ነው አለችኝ፤ ተሻለኝ። እስኪጠነክር ነው አለች፤ ጠነከረ። ክረምቱ ይውጣ አለች፤ ወጣ። አንድ ቀን ምርኩዜን ይዤ መናኸሪያ ሄድኩና የቢቸና መኪና ውስጥ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። ተማሪዎቿ አይተውኝ ኖሮ ነግረዋት መጥታ አወረደችኝ። ይህችን ሴት አላውቃትም ብዬ ረዳቱን ላሳምነው ደርሼ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አፍንጫችን አንድ ነው፣ አጋለጠኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ስትሄድ የውጭውን በር ቆልፋብኝ ነው።

ቤቴን ቤቴን እያልኩ ስነዘንዛት፣ ቢቸና ያለችው ጎረቤቴ ቤቱን ፎቶ አንስታ እንድትልክልን አደረገች። ስልኩ ለዓይኔ አነሰኝ። እሷም ኮምፒውተሯ ላይ አስፍታ ለጠፈችልኝ፤ ጠዋት ስትወጣ ከፍታልኝ ትሄዳለች፣ እኔም አልጋዬ ላይ ሆኜ ቤቴን ስጠብቅ እውላለሁ። አጥሬ አለ፣ ጌሾዬ አለ፣ ቆርቆሮው አለ። በሩ ብቻ የለም። ልክ ደጃፌ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ሰዓት ተጎልቷል።

አንሺልኝ አልኳት። ጎተተችው፣ ጠቅ ጠቅ አደረገችው፣ ንቅንቅ አላለም። ዊጄት የሚሉት ነው፣ ኮምፒውተሩ በፎቶው ላይ የሚደርበው እንጂ ፎቶው ውስጥ ያለ አይደለም፤ ኮምፒውተሩም እንደ ሰው ሁሉ አይደለም፣ ሊኑክስ በሚሉት ነው የሚሠራው፣ የጫነልኝ መምህር ደግሞ ወደ ጉንደ ወይን ተዛውሯል አለችኝ። ሁለተኛ ስጠይቃት አልነካችውም። ሦስተኛ ስጠይቃት ወሬ ቀየረች። ስኳር ሰርቃ የበላች ቀንም እንዲሁ ወሬ ትቀይር ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ሰዓቱ ሥር ምን አለ? በሩ ተሰብሮ ይሆን? ቤቴን ሸጠውት ይሆን? የምገባበት ከሌለኝማ ማምለጡስ ለምኔ ነው?

በማግስቱ እንደወጣች ወንበሯ ላይ ተቀምጬ ማውዟን ያዝኩ። እሷ ስታደርግ እንዳየሁት ቀስቷን እየነዳሁ ሰዓቱ ላይ አድርሼ ተጫንኩ። ጣቴ ቁርጥማት አለበት፤ ከተጫነ ቶሎ አይነሳም። ተጭኖ ቀረ። ጣቴን እየተሳደብኩ ሳለሁ በሰዓቱ ዙሪያ አንድ ክፈፍ ብቅ አለ። ሳልለቀው ወደ ጎን ሳብ ባደርገው እንደ ጠቦት ተከተለኝ። የተማረችው ልጄ ነካ አድርጋ ትለቀዋለች፤ ለካ እሱ የሚፈልገው ተጭኖ መቆየት ኖሯል። ወስጄ ጌሾዬ ላይ አስቀመጥኩት።

በሩ ክፍት ነው። ሰማያዊ መጋረጃ ተሰቅሎበታል፤ እኔ መጋረጃ ሰቅዬ አላውቅም። ደፉ ላይ የወንድ ጫማ አለ።

እዚያው ወንበር ላይ ዋልኩ። ምሳም አልቀመስኩ፣ ቀልድም አልመጣልኝ። ልጄ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ኮምፒውተሩን ነው። ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

"ጫማው ትልቅ ነው፤ ባል አገኘሽልኝ እንዴ?" አልኳት።

አጠገቤ ተቀመጠችና ተናገረች። አልተሸጠም፣ አከራይታዋለች፤ ከሌላ አገር ተመድቦ ለመጣ የጤና ጣቢያ ነርስ። ብቻሽን ወድቀሽ ማን ያነሳሻል ብዬ ፈርቼ ነው አለች።

"ሰዓቱ እውነት እምቢ ብሎኝ ነበር እማዬ። ኋላ ግን ሥሩ መጋረጃውና ጫማው እንዳለ ትዝ ሲለኝ እንኳን እምቢ አለ አልኩ።"

"ስወድቅ የሚያነሳኝ ነርስ ቤቴ ድረስ አስገብተሽ፣ እኔን እዚህ ትቆልፊያለሽ?"

ደውይለት አልኳት። ደወለች፤ ስልኩን ተቀበልኳት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ አንተ የፊቱን ያዝ፣ እኔ ጓዳውን፣ ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ይምጡ እማማ፣ ቤትዎ ነው አለኝ። ታንኮራፋለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ኧረ አላንኮራፋም አለ። እኔ ግን አንኮራፋለሁ፣ ትችለዋለህ አልኩት።

ልጄ ስልኩን ልትቀማኝ እጇን ዘርግታ ነበር። ትንሽ አየችኝና እጇን መልሳ ጭኗ ላይ አኖረችው።