አባቴ ያቋረጠው የፌንጣ ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ በስደት ባደግንበት ከተማ፣ አባቴ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በነበረው የሐበሻ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ጋሼ ኡጁሉ ለጥብስ የሚሆነውን ከሰል እያራገቡ ተረት ይነግሩን ነበር። ከጋምቤላ የመጡ፣ ዕቃ የሚያጥቡና እሳቱን የሚጠብቁ ሽማግሌ ነበሩ። ከትምህርት ቤት መልስ፣ የእራት ሰው ሳይመጣ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሚኪ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠን ፍሙ አጠገብ እንቀመጣለን፤ ከበሩ በላይ ያለችው ቢጫ አምፖል ትበራለች፣ ጭሱ ወደ ፓርኪንጉ ይነፍሳል፣ እሳቸውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ። ያኔ አንተ ነበር የምላቸው፤ እዚህ ያደግን ልጆች አንቱ ማለት አናውቅበትም። አንቱ ያልኳቸው ከረፈደ ነው።

አንድ ቀን ስለ ፌንጣ ነገሩን። በአያታቸው አገር ሰው ፌንጣ የሚበላው ዝናብ ጠብቆ፣ ከሜዳ ለቅሞ፣ በሸክላ ቆልቶ ነበር። አንድ ብልጥ ሰው ግን ዝናብ መጠበቅ ሰለቸው። ከጎተራው ሥር ጉድጓድ ቆፈረ፣ ፌንጣዎቹን ከተተ፣ ገለባና እብቅ እየሰጠ አረባቸው። በዙለት። መንደሩ ክረምት ከበጋ ጠገበ፣ ሰውየውንም መረቀው።

«ከዚያስ?» አለ ሚኪ።

«ከዚያማ...» ብለው ጋሼ ኡጁሉ ማራገቢያቸውን አስቀመጡ።

ያኔ ነው አባቴ ከኩሽና የወጣው። «ሶ፣ ልጆቼን ትል መብላት ነው የምታስተምራቸው? በቃ! እናንተም ተነሡ!» ከዚያ ቀን በፊት እርስዎ ነበር የሚላቸው። ደንበኛ ይሰማል ብሎ አፍሮ እንደነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ገባኝ ማለት ግን ይቅር አልኩት ማለት አይደለም። አያቴ ጥሬ ሥጋ እየቆረጡ፣ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥተው ትላቸውን ሲያወርዱ እንደኖሩ እየሳቀ የሚያወራ ሰው፣ ቆልቶ የሚበላውን ናቀ!

እኔ ጋ የቀረው እንግዲህ ግማሹ ተረት ነው፤ ብልጡ ሰውና የጠገበው መንደር። ዌስት አዳምስ ሰፈር ባለው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ የፕላስቲክ ሳጥን አገኘሁ። ለእንሽላሊት ምግብ ተብሎ የሚሸጥ ፌንጣ ገዛሁና ለዶሮዎቻችን የተቀመጠውን፣ አይጥ ጥጉን የቀደደችውን ፉርሽካ እየዘገንኩ ሰጠኋቸው። በውስጡ ጥቁር ጥቁር ቅንጣት ነበረበት፤ የአይጥ ዓይነ ምድር መሆኑን አላወቅሁም። ፌንጣዎቹ ሲበዙ ደስታዬ ወሰን አጣ።

ምድጃ መንካት ተከልክለን ነበር። አባቴ ደግሞ በየበዓሉ ሚኪን ጥሬ ሥጋ እያጎረሰ «ጥሬ የማይበላ ወንድ ነው?» ይለው ነበር። እኔም ፌንጣውን ጥሬውን ይዤለት ይህንኑ አልኩት። እኔ አንዱን ቀምሼ ተፋሁ፤ እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነው፣ እኔን ለማስደሰት በላ። በየቀኑ በላ።

ሳምንታት አልፈው ሆዱን ያመው ጀመር፤ ተቅማጥ ያዘው፣ ከሳ። ሐኪሟ የትል እንቁላል አገኘችበት። ምን እንደበላ ስትጠይቀው «ፌንጣ» አላት። ትሉ ከአይጥ ወደ ፌንጣ፣ ከፌንጣ ወደ ሰው እንደሚያልፍ፣ እሳት ቢነካው ኖሮ እንደሚሞት ነገረችን። መድኃኒት ወስዶ ዳነ።

አባቴ ከክሊኒኩ ቀጥታ ወደ ምግብ ቤቱ ነዳ፤ መኪናውን በቅጡ ፓርክ እንኳ ሳያደርግ ጓሮ ገባ። «ልጄን ልትገድልብኝ ነበር! ውጣልኝ!» አለ።

ጋሼ ኡጁሉ ሽርጣቸውን ፈቱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ጨርሼልሽ ቢሆን ኖሮ» አሉ። «ሰውየው የቆፈረው ከጎተራ ሥር ነው። ጎተራ ካለ አይጥ አለ። የሜዳ ፌንጣ ሣር ይበላል፤ የጉድጓድ ፌንጣ ግን የወደቀበትን ሁሉ ይበላል። ጥጋብ ሲመጣ ደግሞ እስኪበስል የሚታገሥ ጠፋ። የልጆቹ ሆድ ተነፋ። መጀመሪያ ልጁን የቀበረው ራሱ ብልጡ ሰው ነው።»

ሽርጡን አጣጥፈው የለስላሳ ሳጥኑ ላይ አስቀመጡና ሄዱ። ያበላሁት እኔ መሆኔን ከፊቴ አውቀው ነበር፤ ለአባቴ አልነገሩትም። እኔም አልነገርኩትም።

ባለፈው ወር ሚኪ የፌንጣ ዱቄት ያለበት ብስኩት ይዞ መጣ። አሁን በሚያምር ማሸጊያ ነው የሚሸጠው። አባቴ ቆርሶ ቀመሰና «ኦኬ፣ አይከፋም። ፕሮቲን ነው እኮ» አለ። ደሜ ፈላ።

«ጋሼ ኡጁሉ ቢያዩህ» አልኩት።

«የቱ ኡጁሉ?» አለኝ።

ረስቷቸዋል! ሰውየውን ከእንጀራቸው አባሮ፣ ስማቸውን እንኳ አላስቀረም። «የፌንጣውን ሳጥን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ጥሬውን ብላ ያልኩትም እኔ ነኝ» አልኩት። ማኘኩን አቆመ። ሚኪ የተረፈውን ብስኩት ወደ ማሸጊያው መለሰ።

ከዚያ ጓሮ ተረቶች ሁሉ እስከ መጨረሻው የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው፤ መጀመሪያውን ፍሙ አጠገብ፣ መጨረሻውን በሩ ላይ የሰማሁትን። አባቴ ተረቱን አቋረጠ እያልኩ ስንት ዓመት ተናደድኩበት። «ያበላሁት እኔ ነኝ» የምትለው የእኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን የምታስፈልገው ያኔ ነበር፣ ሽርጡ ሳይፈታ።