የቁም ተዝካር

አባቴ ከታመመ ወዲህ አንድ ልመና ብቻ ነበረው፤ ወሎ ወስደን ከእናቱ ጎን እንድንቀብረው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለሰፈራ ወደ ጋምቤላ ሲያመጡት ጎረምሳ ነበር። «ለከርሞ ሄጄ አያታለሁ» እያለ እሷም ሞተች፣ እሱም አረጀ። እኔ እዚሁ ተወልጄ ከተማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ሰው ሲጣላኝ «ደገኛ» ይለኛል። የቱን ደጋ አውቄ!

ቦታውን እንድለምንለት ወደ ታላቅ ወንድሙ ላከኝ። ባዶ እጄን እንዳልሄድ የባሮ ደረቅ ዓሣ በጆንያ ይዤ ሦስት ቀን በአውቶብስ ተንገላታሁ። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ረገመኝ። የአጎቴ ሚስት ጆንያውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ከአጥር ውጭ አኖረችው። ውሾቹ ግን ወደዱኝ።

አጎቴ አባቴን መምሰሌን አይቶ አለቀሰ። እግሬን አሳጠበኝ፣ አልጋውን ለቀቀልኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። መቃብር ስል ግን አቀረቀረ። የሰፋሪው ወሬ ጠፍቶ «ወባ ጨረሳቸው» በተባለ ጊዜ ለአባቴ ተለቅሶለት ኖሯል። ተዝካሩም ወጥቷል፤ ጠላውን የጠመቀችው አያቴ ራሷ ናት። መሬቱንም ተከፋፍለውታል። በሕይወት መኖሩን የሰሙት እሷ ከሞተች በኋላ ነው፤ ሰምተውም ዝም አሉ።

«ልጄ፣ ተዝካሩ የተበላን ሰው መልሼ ብቀብር አገሩ ምን ይለኛል? ደግሞስ መቃብር ካለ ልጅ ተከትሎ ይመጣል» አለኝ።

መሬት ፍለጋ የመጣሁ መስሎታል! ደሜ ፈላ። ሽማግሌ ነው ብዬ ዋጥ አደረግኩት።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ ውሸት ሳዘጋጅ መጣሁ። አባቴ ከማንጎው ሥር ጋደም ብሎ ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ግን ጠፋብኝ፤ አጎቴ ያለውን ዘረገፍኩለት። ቀስ ብሎ ሳቀ።

«የቁም ተዝካር የሚያወጣ ባለጸጋ ነው። እኔ መቼ ባለጸጋ ሆንኩ?»

ተገላገልኩ ብዬ አብሬው ሳቅሁ። ሳቁን ድንገት አቋረጠና፣ «እናቴ ያኔ ነበረች?» አለኝ።

ነበረች አልኩት። የጠላውን ነገር አልነገርኩትም።

«እኔ ለከርሞ ስል፣ እሷ ሞቷል ብላ አልቅሳልኛለቻ» አለና ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው።

ከዚያ ወዲያ ወሎን አላነሳም። የት እንቅበርህ ስንለው «የትም» አለን። ክረምት ላይ ሞቶ እዚሁ ሰፈራው ቤተ ክርስቲያን ቀበርነው። ሰው ሁሉ ለአጎትህ መርዶ ንገር ይለኛል። እስከዛሬ አልደወልኩም። እነሱ እንደሆኑ ለቅሷቸውን ጨርሰዋል።