አንገቷ ላይ የላጨሁት ቦታ

በንጉሡ መጨረሻ፣ መካነ ሰላም ዙሪያ ሰው በረሃብ በሚረግፍበት ጊዜ፣ እኔ የከብት ሳንባ ነቀርሳ መርምር ተብዬ ተላክሁ። የእማማ ዘነበችን አንዲት ላም አንገቷን ላጭቼ መርፌ ወጋኋት። «ካበጠ በሽታው አለባት ማለት ነው። በሦስተኛው ቀን መጥቼ እስካየው ድረስ የላጨሁትን ቦታ ማንም እንዳይነካው» ብዬ ሄድሁ።

ስመለስ በረቱ ባዶ ነው። ላሟ ወድቃ መነሳት ቢያቅታት አርደው ከጎረቤት ጋር ተቃምሰዋት ኖሯል። ልጆቹ የተቀቀለ ቆዳዋን ያኝካሉ። ልወጣ ስል እማማ ዘነበች ከግድግዳው ላይ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ቆዳ አውርደው ሰጡኝ። የላጨሁት ቦታ ነው።

«ልጆቹ ይቺንም ስጪን ብለው አልቅሰውብኝ ነበር» አሉ። «እንዳይነካ ስላልኸኝ አልሰጠኋቸውም።»